ከድሮዎቹ ኦፕን ወርልድ ጌሞች የትኛውን እንጫን? ከድሬዳዋ የተጻፈ የንጽጽር መመሪያ

ድሬ ውስጥ ጌም የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። "ከድሮዎቹ የቱን ልጫን?" ነገሩ ግልጽ ነው። ከአዲሶቹ ጌሞች አንዳንዶቹ ከ100 ጂቢ በላይ ይይዛሉ። የሚጠይቁት የግራፊክስ ካርድም ከብዙዎቻችን ላፕቶፕ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ መጥቷል፤ ጥሩ አደረገ። ከ2002 እስከ 2012 ከወጡት ኦፕን ወርልድ ጌሞች (ሰፊ አገር ውስጥ እንደ ልብ የሚዞርባቸው) መካከል ዛሬም ቁጭ አድርገው የሚያመሹ አሉ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ግን ሁሉም ለሁሉም አይሆንም። እኔ የድሮ ኦፕን ወርልድ ጌም የምመዝነው ከሁሉ በፊት በአንድ ነገር ነው። አገሩን ያስተምረኛል ወይ? ሳምንት ከተጫወትኩ በኋላ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ማፕ ሳላይ ከአንዱ ሰፈር ሌላው እደርሳለሁ ወይ? ብዙዎቹ የዛሬ ጌሞች መንገዱን በመስመር አስምረው ይሰጣሉ። ዓይን መስመሩ ላይ ይቀራል፤ ሰፈሩ ሳይታይ ያልፋል። በጂቲኤ (ግራንድ ቴፍት አውቶ) ቤተሰብ ውስጥ ይህ መስመር የመጣው በ2008 ከጂቲኤ 4 ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ነጥብ ብቻ ያሳያሉ፤ መንገዱን ራስህ ታገኘዋለህ። ዛሬም በጭንቅላታችን የቀሩት ከተሞች በብዛት እንዲህ የተማርናቸው ናቸው።

መጀመሪያ መብራቱና ሙቀቱ

ድሬ ላይ ጌም መምረጥ ከመብራት ይጀምራል። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ወይም የላፕቶፓችሁ ባትሪ ከሞተ፣ ከግራፊክሱ በላይ የሚያሳስባችሁ ጌሙ ሴቭ የሚደረግበት፣ ማለትም የደረሳችሁበት የሚቀመጥበት መንገድ ነው።

ከጂቲኤ ቤተሰብ ሳን አንድሪያስና ቫይስ ሲቲ ኮምፒውተር ላይ ሴቭ የሚደረጉት ቤት ተገብቶ ብቻ ነው። ሁለት ሚሽን ጨርሳችሁ ወደ ቤት እየነዳችሁ መብራት ቢሄድ፣ ሁለቱም ሄዱ ማለት ነው። ሞሮዊንድና ስካይሪም በተቃራኒው ኤፍ 5 ስትጫኑ ባላችሁበት ይይዛሉ። ጂቲኤ 4 እና ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን ሚሽን ሲያልቅ ራሳቸው ይይዛሉ። አሳሲንስ ክሪድ 2 ሁሉንም በራሱ ነው የሚይዘው። መብራት በሚበዛበት ሰሞን እንደ ልብ ነው፤ በሚቆራረጥበት ሰሞን ግን እኔ ቤት የሚያስኬዱትን አልጀምርም። ከጀመራችሁም ከእያንዳንዱ ሚሽን በኋላ ቀጥታ ወደ ቤት።

ሙቀቱም አለ። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ቀትር ላይ ላፕቶፕ ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መጫወት ማሽኑን መግደል ነው። ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ከኋላው በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ይበል፣ አየር ያግኝ። ጌሙ ውስጥ የፍሬም ገደብ (በሰከንድ የሚታየውን ምስል ብዛት የሚገድብ) የሚል ምርጫ ካለ አብሩት። ሳን አንድሪያስ ላይ ይህ ምርጫ ሁለት ጥቅም አለው። ማሽኑ ይቀዘቅዛል፤ ጌሙም በትክክል ይሠራል። ገደቡ ሲነሳ የመኪናው እንቅስቃሴና ውኃ ውስጥ መዋኘቱ ይዛባል፤ ሲሠሩት ለዚያ ፍጥነት አላሰቡትምና።

ሳን አንድሪያስ ወይስ ቫይስ ሲቲ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው፤ እኔም ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ሳን አንድሪያስ በጥቅምት 2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ፤ ለኮምፒውተር በ2005። ታሪኩ የሚካሄደው በ1992 ነው። ዋናው ሰው ሲጄ እናቱ ስለሞተች ከሊበርቲ ሲቲ ወደ ሎስ ሳንቶስ ይመለሳል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይርቅ ፖሊሶች ይይዙትና ጠላት ሰፈር ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። እዚያ ያለችውን ብስክሌት አንስቶ ወደ ግሮቭ ስትሪት ይነዳል። የጌሙ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። መኪና የለም፣ ሰው አያውቅህም፣ መንገዱን በብስክሌት ተማር።

እኛ ይህን ጌም ያወቅነው በጌም ቤት ነው። ሳቢያንም ይሁን መጋላ ሕጉ ያው ነበር። "ዌስትድ" (ሞተሃል) ከጻፈ ጆይስቲኩ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ስለዚህ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሁሉ መንገድ ጠቋሚ ነው። "በድልድዩ ስር ግባ! አቦ ወደ ግራ ነው ያልኩህ!" ለራሳችን ከደረሰን አስር ደቂቃ ይልቅ ሰው ሲጫወት ባየነው ነው ከተማውን የተማርነው። ወንድም እህት ወይም ጓደኛ ጋር ተራ በተራ ለመጫወት ዛሬም ከሳን አንድሪያስ የሚሻል አላገኘሁም።

ማፑ ሦስት ከተማ አለው፦ ሎስ ሳንቶስ፣ ሳን ፊየሮ፣ ላስ ቬንቱራስ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ዝግ ናቸው፤ ድንበሩን ብትሻገሩ ፖሊስ በአራት ኮከብ (የተፈላጊነት ደረጃ ነው) ይከተላችኋል። ታሪኩ መጀመሪያ ሎስ ሳንቶስን በደንብ ያሳውቃችሁና ድንገት ነቅሎ ገጠር ላይ ይጥላችኋል። ብርቱ ነገሩ ይህ ነው። ገጠሩ ውስጥ ጠባብ መንገድ፣ ጉም፣ የቺሊያድ ተራራ። ያወቃችሁት ሰፈር ይናፍቃችኋል። ወደ መጨረሻው ሎስ ሳንቶስ ስትመለሱ ግን ማፕ አታዩም፤ እያንዳንዱን መታጠፊያ ታውቁታላችሁ።

ድክመቱንም ልንገራችሁ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ትዕግሥት ይጨርሳል። የሲጄን ጓደኛ ቢግ ስሞክን በሞተር ከኋላ ጭኖ ባቡር ማሳደድ ደግሞ ስንቱን ያስለቀሰ ሚሽን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባቡሩን አትጠጉት። ወደ ቀኝ ራቅ ብላችሁ ጎን ለጎን ንዱ፤ ስሞክ የሚተኩስበት ቦታ ያገኛል።

ኮዱን (ጌሙን ለማቅለል የሚጻፈውን ቃል) በተመለከተ፣ ኮምፒውተር ላይ ሄሶያም ብሎ መጻፍ ጤና፣ ጥይት መከላከያና 250,000 ዶላር እንደሚሰጥ ሁላችንም በቃላችን ነው። ስትመለሱ ግን ያለ ኮድ ሞክሩት። ገንዘብ ሲያጥራችሁ በእግርና በብስክሌት ትሄዳላችሁ፣ ሰፈር ትማራላችሁ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ሕዝቡን የሚያሳብደውን ኮድ አስገብታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ቫይስ ሲቲ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2002 የወጣ ነው። ጊዜው 1986፣ ሰውየው ቶሚ ቨርሴቲ። ሁለት ዋና ደሴት ብቻ ነው ያለው። ቶሚ ዋና አይችልም፤ ውኃ ከገባ አለቀለት። ልብሱ ይቀየራል እንጂ ሰውነቱ እንደ ሲጄ አይወፍርም፣ አይጠነክርም። በዝርዝር ብናወዳድረው በሁሉም ይበለጣል። ግን ትንሽነቱ ራሱ ጥቅም ነው። በሦስት ምሽት ከተማውን በሙሉ ታውቁታላችሁ። ሚሽኖቹ አጭር ስለሆኑ አንዱን ጨርሶ ቤት ገብቶ ሴቭ ማድረግ ይቀላል። የመብራቱ ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ዲስክ ላይ 1 ጂቢ ቢይዝ ነው፤ 128 ሜጋባይት ራም ይበቃዋል። ቤት ውስጥ ተጥሎ የቆየ ኮምፒውተር ካለ ለእሱ የተሠራ ነው በሉት። ሬዲዮው ላይ ያለው የ80ዎቹ ሙዚቃ እንደሆነ ሌላ ነው። በኋላ በወጡት ቅጂዎች ላይ ግን የፈቃድ ጊዜያቸው ያለፈ ዘፈኖች ተቀንሰዋል። ለሙዚቃው ብላችሁ ከሆነ የድሮውን ቅጂ ፈልጉ።

በአጭሩ፣ ጊዜ ካላችሁ ሳን አንድሪያስ። ማሽናችሁ ደካማ ከሆነ ወይም ሳምንት ውስጥ ጀምራችሁ መጨረስ ከፈለጋችሁ ቫይስ ሲቲ።

የትኛው ቅጂ?

በ2021 ሦስቱ የድሮ ጂቲኤዎች ታድሰው በአንድ ጥቅል ወጡ። ሲወጣ በስህተት የተሞላ ነበር። ዝናቡ ዓይን ያሳምም ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ጉሙን ማንሳታቸው ነው። የድሮው ሳን አንድሪያስ ሩቁን በጭጋግ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ አገሩ ሰፊ ይመስላል። ጭጋጉ ሲነሳ ከተራራ ላይ ሆኖ ሦስቱም ከተማ ይታያል፤ ያ ሁሉ ርቀት ትንሽ ሆኖ ቁጭ ይላል። በ2024 መጨረሻ የወጣው ዝማኔ ብዙውን አስተካክሏል፤ የድሮውን የሰማይ ቀለምም የሚመልስ ምርጫ ጨምሯል። ግን ይህኛው 8 ጂቢ ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ያ ካላችሁ ይሁን። ከሌላችሁ የድሮው።

የድሮውን አዲስ ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ ማውሱ እምቢ ሊል ይችላል። ሳይለንትፓች የሚባል ነጻ ማስተካከያ አለ፤ አብራችሁ አስገቡት። ስለዚህ ማስተካከያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። ጌሙ ውስጥ ውኃ ላይ የሚያርፍ ስኪመር የሚባል አውሮፕላን አለ። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 የሚባለው ዝማኔ ሲመጣ ይህ አውሮፕላን ከጌሙ ጠፋ። ሰው ሁሉ ማይክሮሶፍትን ወቀሰ። የሳይለንትፓች ባለቤት ገብቶ ሲመረምር ጥፋቱ የ2004ቱ ነው። በጌሙ ፋይል ውስጥ የአውሮፕላኑ መስመር ላይ የጎማ መጠን የሚናገሩት ቁጥሮች ሳይጻፉ ቀርተዋል። ጌሙ ለ20 ዓመት ሜሞሪ ላይ የቀረውን የቀደመውን መኪና ቁጥር እየወሰደ ሳይታወቅበት ኖሯል። አዲሱ ዊንዶውስ ያንን የሜሞሪ ቦታ ለሌላ ሲጠቀምበት ነገሩ ተጋለጠ። ከ20 ዓመት በኋላ ለአንድ አውሮፕላን እንዲህ የሚደክም ሰው ያለው ጌም ነው።

ስልክ ላይም አለ፦ ሳን አንድሪያስ ከ2013፣ ቫይስ ሲቲ ከ2012 ጀምሮ። የስልኩ ሳን አንድሪያስ ሚሽን መሃል ላይ ራሱ ይይዛል፤ ለመብራት ችግር ጥሩ ነው። በጣት መንዳት ግን ያደክማል። የብሉቱዝ ጆይስቲክ ካላችሁ ይገናኛል፤ ያኔ ሌላ ጌም ይሆናል።

ሞሮዊንድ ወይስ ስካይሪም?

ሁለቱም ኤልደር ስክሮልስ የሚባለው ተከታታይ ጌም ልጆች ናቸው። ሞሮዊንድ በ2002፣ ስካይሪም በኅዳር 2011 ወጡ። በእኔ መመዘኛ ካየነው ሞሮዊንድ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ፊት ነው።

ሞሮዊንድ ላይ መድረሻን የሚያሳይ ቀስት የለም። ሥራ የሚሰጣችሁ ሰው አፉን ከፍቶ አቅጣጫ ይነግራችኋል። ከከተማው ውጣ፣ ድልድዩን ተሻገር፣ መንገዱ ሲከፈል ምልክቱን አንብብ፣ ኮረብታውን በግራ አድርገህ ሂድ። የነገራችሁ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ይቀመጣል፤ የቀረው የእናንተ ነው። ሐረር ጀጎል ገብቶ የማያውቀውን ቤት የሚፈልግ ሰው እንደሚሆነው ነው። አንዱ እስከ መስጊዱ ያደርሳችኋል፣ ሌላው ከዚያ ይቀበላችኋል፣ በሦስተኛው ቀን ግን ራሳችሁ ለሌላው ትጠቁማላችሁ።

የመጀመሪያዋን መንደር፣ ሰይዳ ኒንን፣ ለቃችሁ በእግር ስትወጡ የሚያጋጥማችሁን ልንገራችሁ። ከሰማይ ጩኸት ይሰማል። ቀና ስትሉ አንድ ጠንቋይ እየጮኸ ይወርድና ፊታችሁ ተፈጥፍጦ ይሞታል። ኪሱ ውስጥ ማስታወሻና ሦስት ጥቅልል ታገኛላችሁ። ጥቅልሉ ዝላይን እጅግ የሚያበዛ ድግምት ነው። አንብባችሁ ብትዘሉ ደሴቲቱን ግማሽ ታቋርጣላችሁ። ሲያልቅ ግን የሰውየው ዕጣ ነው የሚጠብቃችሁ። መፍትሔውም እዚያው አለ፦ መሬት ከመንካታችሁ በፊት ሁለተኛውን ማንበብ። ማንም ይህን አድርጉ አይላችሁም። ቀስትም የለም። መንገድ ዳር የወደቀ ነገር ብቻ ነው። ጌሙ በሙሉ እንዲህ ነው።

የሚያስቸግረው ውጊያው ነው። ሰይፉ ሰውነቱን ሲያልፍ ታያላችሁ፤ ግን አልመታችሁም። ከኋላ ዕጣ እየተጣለ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ ያጠፋዋል። ሁለት ነገር ያዙ። ስትፈጠሩ የመረጣችሁትን የመሣሪያ ዓይነት ብቻ ተጠቀሙ። አረንጓዴዋ የድካም መስመር ሞልታ ሳለ ተዋጉ፤ ሮጣችሁ ደክማችሁ ከደረሳችሁ ትስታላችሁ። እንግሊዝኛ ማንበብም ይጠይቃል፤ ሁሉም ነገር ጽሑፍ ነው። ማንበብ የሚወድ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ካለ ግን ለእንግሊዝኛው ራሱ ጥሩ ነው።

ማሽንን በተመለከተ ለማንም አይከብድም። 256 ሜጋባይት ራም፣ 1 ጂቢ ዲስክ። ኦፕን ኤምደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የጌሙ ዋና ፋይሎች ካሏችሁ በዘመናዊ ኮምፒውተርም፣ በአንድሮይድም በንጽሕና ያስኬደዋል።

ስካይሪም ላይ ቀስት አለ። ቀስቱን ላጥፋው ብትሉ ደግሞ ችግር አለ፤ ሥራ የሚሰጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ አቅጣጫ አይናገሩም፤ ቀስቱ አለ ብለው ነው የተጻፉት። ስለዚህ አገሩን እንደ ሞሮዊንድ አያስተምርም። ግን ውጊያው የሚጨበጥ ነው። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ሳያስብ ይጫወተዋል። ድሬ ሙቀት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያንን በረዶና ተራራ ማየት ራሱ ያሳርፋል። የመጀመሪያው ቅጂ በ2 ጂቢ ራምና በ6 ጂቢ ዲስክ ይሄዳል። በ2016 የወጣው ልዩ ቅጂ 8 ጂቢ ራም ይላል። ስትጭኑ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ያደናግራል።

ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ስካይሪም። ክረምቱን በሙሉ አንድ ጌም ላይ ለማሳለፍ ካሰባችሁ ሞሮዊንድ፤ ያለ ማመንታት።

መኪና ለሚወድ

ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ፣ የ2005ቱ። ይህንን ዓመት አጥብቃችሁ ያዙ፤ በ2012 በዚሁ ስም ሌላ ጌም ወጥቷል። ሱቅ ውስጥ ፍላሽ ስታስሞሉ የሚሰጧችሁ የቱን እንደሆነ እዩ። የድሮው ላይ ታሪክ አለ። ቢኤምደብሊው ኤም 3 ጂቲአራችሁን ሬዘር የሚባል ሰው በተንኮል ይወስድባችኋል። እሱ ላይ ለመድረስ ከ15ኛው ጀምሮ አንድ በአንድ ማሸነፍ ነው። የሮክፖርት ከተማ በፖሊስ ማሳደድ ነው የሚለመደው። አምስት ፖሊስ ከኋላ ሲሆን የቱ ነዳጅ ማደያ ጣሪያው ተንዶ እንደሚቀብራቸው፣ የቱ ጥግ እንደሚደብቅ ማወቅ ግድ ነው። 256 ሜጋባይት ራም፣ 3 ጂቢ ዲስክ። እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

ታሪክ ለሚወድ

የመጀመሪያው አሳሲንስ ክሪድ በ2007 ወጣ፤ ጊዜው 1191፣ ከተሞቹ ደማስቆ፣ አክሬና ኢየሩሳሌም። ከተሞቹ ድንቅ ናቸው። ሥራው ግን ይደጋገማል፦ ጆሮህን ጣል፣ ኪስ አውልቅ፣ አስፈራርተህ ጠይቅ፣ እንደገና። ሁለተኛው በ2009 መጣና ይህን አቃለለ። ዋናውን ሰው ኤዚዮን ይዛችሁ ፍሎረንስና ቬኒስ ጣሪያ ላይ ትሮጣላችሁ። የፍሎረንስን ካቴድራል ጉልላት ትወጣላችሁ፤ ስለ ሕንጻው የሚነበብ ማብራሪያም አለ። የመጀመሪያው ጌም ዋና ሰው አልታይር ውኃ ውስጥ ይሞት ነበር፤ ኤዚዮ ይዋኛል፤ ቬኒስ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሁለቱ ሁለተኛውን። ለኮምፒውተር ሲወጣ ያለ ኢንተርኔት አልጫወትም ይል ነበር፤ ያ በኋላ ተነስቷል።

የቀሩት በፍጥነት

ጀስት ኮዝ 2፣ 2010። ፓናው የሚባለው ደሴት 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንጠቆና በፓራሹት ሁሉን ከላይ ስለምታልፉት አንድም መንደር አትለዩም። ለሃያ ደቂቃ ፍንዳታ ይሁን እንጂ ልትመለሱበት የሚያስቸኩል አይደለም።

ጂቲኤ 4 ታሪኩ ከሳን አንድሪያስ ይበልጣል እላለሁ። ለኮምፒውተር የተሠራው ቅጂ ግን ከባድ ነው፤ ደህና የሚባል ላፕቶፕም ያስጨንቀዋል። ፕሌይስቴሽን 3 ካገኛችሁ በእሱ።

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽንም እንዲሁ። 2010 የወጣ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የደረሰው ግን በ2024 ነው። ጊዜው 1911፣ ጉዞው በፈረስ። በፈረስ ቀስ እያሉ የሄዱበት አገር አይረሳም። ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ዛሬም ያምራል።

ቡሊ በ2006 ወጣ። ጂሚ የሚባል የ15 ዓመት ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ደወል ይደወላል፣ ክፍል ይገባል፣ ማታ ሰዓት እላፊ አለ። ግቢውና ከተማው ትንሽ ናቸው፤ ወቅቱ ሲቀየር በረዶው ሲመጣ ሰፈራችሁ የተለወጠ ያህል ይሰማችኋል። የኮምፒውተሩ ቅጂ አዲስ ዊንዶውስ ላይ ይቋረጣል፤ እዚህም ሳይለንትፓች ያግዛል። የስልኩ ከ2016 ጀምሮ አለ፤ እሱ ይሻላል።

ለልጅ የምትጭኑ ወላጆች ካላችሁ፣ ጂቲኤዎቹም ሬድ ዴድም ለአዋቂ የተሠሩ ናቸው። እኛ በልጅነታችን ስለተጫወትናቸው ለልጅ ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ ስድቡም ደሙም ብዙ ነው። ለ12 ዓመት ልጅ የ2005ቱን ሞስት ዋንትድ ጫኑለት። ትልቅ ወንድም ካለው ሳን አንድሪያስን ወንድሙ ሌላ አካውንት ላይ፣ በፓስወርድ ይያዘው።